የመንገድ ዋጋ በድሬዳዋ

ባቡሩ ሐረር ይገባል ተብሎ ነበር የታሰበው። ጋራው አስቸገረ፣ ወጪውም በዛ፤ ሐዲዱ ከተራራው ሥር ባለው ሞቃት ሜዳ ላይ ቀረና በ1895 ዓ.ም አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ፤ ውሎ ሲያድር ግን ድሬዳዋ የሚለው ስም ጸና። የምድር ባቡሩ ኩባንያ ሰዎች በጣቢያው ዙሪያ ከዚራ የተባለውን ሰፈር በማስመሪያ አሰመሩት። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ማዕዘኑ ተመሳሳይ፣ ግራና ቀኙ በዛፍ የታጀበ ሆነ። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ደግሞ ነጋዴው፣ ግመል ነጂውና ልብስ ሰፊው እንደተመቸው እየሠራ መጋላ የምትባል ሰፈር አደገች፤ ጠባብ፣ ጠመዝማዛ፣ ድንገት በግንብ የምትዘጋ።

የዚህች ከተማ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚወራው በባቡሩ፣ በንግዱና በነዋሪዎቿ ፍቅር ነው። እኔ እዚህ የማወራው ዓይናቸው የማያይ ልጆቿ ከቤት ወጥተው ያሰቡበት ለመድረስ በየዘመኑ ምን ሲከፍሉ እንደኖሩ ነው። ዛሬ ስለ መንገድ መሪ ስልክና ስለ ብልህ በትር ሲወራ ጉዳዩ የትናንት ይመስላል። ሒሳቡ ግን የሚጀምረው ከከተማዋ ልደት ነው።

ከዚራ ማዕዘን እየተቆጠረ የሚኬድባት ሰፈር ናት። በቀትር ደግሞ ሌላ ምልክት አላት፤ የዛፍ ጥላ ጉንጭን ሲያቀዘቅዝ መስመሩ ገና አላለቀም ማለት ነው፣ ፀሐዩ መልሶ ፊትን ሲገርፍ ግን መስቀለኛው መንገድ ቀርቧል። መጋላ እንዲህ አትቆጠርም። እዚያ መንገድ የሚያሳየው የቀፊራ ገበያ ቅመም ሽታ፣ የዳቦ ቤቱ ትኩሳት፣ የልብስ ሰፊው ድምፅ ነው። ጎረቤቷ ሐረር ውስጥ እንዲያውም መኪና ግርግር የተባለው ጎዳና ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ጩኸት ነው። በሁለቱ ሰፈሮች መካከል ያለው ደቻቱ ግን ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ አሸዋ ሆኖ ይከርማል። አሸዋ ኮቴን ይውጣል፤ ጠርዝ የለው፣ ድምፅ አይመልስ፣ አቅጣጫ አያስይዝ። ለዓይነ ስውር ሰው ከከተማዋ ሁሉ አስቸጋሪው ቦታ ለሌላው ሰው አቋራጭ የሆነው ያ አሸዋ ነበር።

በዚያ ዘመን መንገድ የሚመራው ልጅ ነው። ልጁ የበትሩን አንድ ጫፍ ይዞ ከፊት ይሄዳል፣ ዓይነ ስውሩ ሌላውን ጫፍ ይዘው ይከተላሉ። ቅኔና ዜማ ያደላደሉ የቤተ ክርስቲያን መምህራን፣ ቁርኣንን በቃላቸው የያዙ ሸኾች እንዲህ እየተመሩ ወንበር ዘርግተዋል፣ ደረሳ አስቀርተዋል፤ አገሩ ዓይነ ስውርነትንና አዋቂነትን አብሮ ማየት አዲሱ አልነበረም። መሪው ብዙ ጊዜ የእህት ወይም የወንድም ልጅ ነው። ለእሱ የሚከፈለው ምግብና ልብስ ነው። ከእሱ የሚወሰደው ግን ጠዋቱ፣ ጨዋታው፣ በኋላም ትምህርት ቤት ሲከፈት የመማሪያ ዕድሜው ነበር። ይህ ወጪ በማንም መዝገብ ላይ አልሰፈረም። እኔ ግን የመንገድ ዋጋ ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሜ የማስበው እሱን ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣ መሣሪያ ሁሉ ርካሽ ወይም ውድ የሚባለው ከዚህ ልጅ ጋር ተመዝኖ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ።

ባቡሩ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲደርስ አውሮፓ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ነበረች። መርዝ ጋዙና ፈንጂው ብዙ ወታደር ዓይኑን አጥፍቶ መለሰው። እ.ኤ.አ. በ1921 በእንግሊዟ ብሪስቶል ጄምስ ቢግስ የሚባል በአደጋ ዓይኑ የጠፋ ፎቶግራፍ አንሺ፣ ሹፌሮች እንዲያዩት ብሎ በትሩን ነጭ ቀባ። ከአሥር ዓመት በኋላ ፓሪስ ውስጥ ጊዪ ደርብሞ የምትባል የመኳንንት ወገን ሴት ነጩን በትር ለሺዎች ዓይነ ስውራን ማዳረስ ጀመረች፤ የታደለው በትር 5,000 ይደርሳል። ያ በትር ግን ከመያዝ ያለፈ ጥቅም አልነበረውም፤ ዓይነ ስውር ነኝ ብሎ ለሌላው ይናገራል እንጂ ለያዘው ሰው ስለ መንገዱ ብዙ አይነግርም። በትሩን እጅ ያደረገው በሁለተኛው ዓለም ጦርነት መጨረሻ በአሜሪካው ቫሊ ፎርጅ ወታደራዊ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ሁቨር ነው። በትሩን እስከ ደረት አስረዘመው፣ አቀለለው፣ ጫፉ ቀጥሎ እግር የሚያርፍበትን ቦታ ቀድሞ እየነካ ግራና ቀኝ እንዲወዛወዝ አስተማረ። እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሰጠው የሞቢሊቲ ሥልጠና መሠረቱ ይኸው ነው።

በአገራችን ሰበታ፣ ባኮና ሻሸመኔ የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1960 ተመሠረተ። ብሬል የተማረ፣ በትር መያዝ የለመደ፣ ኋላም መምህርና የሕግ ባለሙያ የሆነ ትውልድ ወጣ። ለምሥራቁ ሰው ግን እነዚያ ትምህርት ቤቶች ሩቅ ነበሩ። ከድሬዳዋ ልጁን ሰበታ የላከ ቤተሰብ ከዓመት ዓመት ልጁን ላያገኝ ይችላል። ትምህርቱ በነፃ ቢሆን እንኳ ናፍቆቱ ዋጋ ነበር። ልጁ ሲመለስ ደግሞ የሚያውቀው የአዳሪ ትምህርት ቤቱን ግቢ እንጂ የመጋላን ጉራንጉር አይደለም፤ ሠፈሩን እንደ እንግዳ ይለምዳል።

በትሩን በቅርብ እንየው። ታጣፊው ነጭ በትር ቀላል የአልሙኒየም ቱቦዎች በላስቲክ ገመድ የተሰካኩበት ነው። ጫፉ ላይ ጣት የምታህል የፕላስቲክ ቆብ አለች። ከዚራ አስፋልት ላይ ጫፉ ጥርት ብሎ ይንኳኳል፣ ግንብ አጠገብ ሲደርስ ድምፁ ይወፍራል፣ የተከፈተ በር ፊት ሲያልፍ ይሳሳል፤ የለመደ ጆሮ በዚህ ልዩነት ብቻ ሱቁን ከመኖሪያ ቤቱ ይለያል። ያቺ ቆብ ናት ቶሎ የምታልቀው። አስፋልትና ኮብልስቶን ይፍቃታል፣ ጠጠር ይሰነጥቃታል፤ አልቃ ቱቦው መሬት መንካት ሲጀምር በትሩ በየስንጥቁ እየተሰነቀረ የያዘውን ሰው ሆድ ይወጋል። ውጭ አገር አንድ ታጣፊ በትር 20 ዶላር ገደማ ይሸጣል፣ ቆቧ ደግሞ የጥቂት ዶላር ነገር ናት። እኛ ዘንድ በትሩ በእርዳታ ይመጣል፤ መለዋወጫዋ ቆብ ግን ብዙ ጊዜ አብራ አትመጣም። የተሰጠ ነገር ሲያልቅ የሚተካበት ሱቅ ከሌለ ነፃነቱ የአንድ ወቅት ብቻ ነው። ይህ የበትሩ ጣጣ ኋላ በመጣው ቴክኖሎጂ ሁሉ ላይ መልኩን እየቀየረ ተደግሟል።

ከዚያ ሰማዩ መጣ። በሳተላይት ቦታን የሚያሳውቀው ጂፒኤስ የአሜሪካ ጦር ሥራ ነበር። በ1975 ዓ.ም መጨረሻ የኮሪያ አየር መንገድ አውሮፕላን መስመር ስቶ በሶቪየት ሚሳይል ከተመታና ተሳፋሪዎቹ ካለቁ በኋላ ፕሬዚዳንት ሬገን አገልግሎቱ ለሲቪሉም ክፍት እንደሚሆን አስታወቁ። ሆኖም ለሲቪሉ የሚደርሰው መልእክት ሆን ተብሎ እንዲሳሳት ይደረግ ነበር፤ ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርሳል። 100 ሜትር ለመርከብ ምንም አይደለም። በከዚራ ለሚሄድ ሰው ግን ማዕዘኖችን የሚያስዘልል ልዩነት ነው። ሚያዝያ 1992 ዓ.ም ላይ የክሊንተን መንግሥት ያንን ማደናገሪያ አጠፋውና ስሕተቱ በአንድ ሌሊት ወደ ጥቂት ሜትሮች ወረደ። ለዓይነ ስውራን የሚናገር ጂፒኤስ ለመሥራት ቀድሞም ሙከራ ነበር፤ ዓይነ ስውሩ አሜሪካዊ ማይክ ሜይ በዚህ ሥራ ስሙ ይነሣል። ከ1992 ወዲህ ግን ነገሩ ከሙከራ ወጥቶ ገበያ ገባ።

ገበያው የማን ነበር? እ.ኤ.አ. ከ2000 በኋላ ባሉት ዓመታት የወጡት ትሬከርና ብሬይልኖት ጂፒኤስ የተሰኙ መሣሪያዎች ያኔ እንደ ተአምር ተወሩ። ትሬከር ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር፤ ብሬይልኖት ከነጂፒኤሱ ብዙ ሺህ ዶላር ይፈጃል። በጊዜው ዶላር በ8 ብር ከሳንቲም ይመነዘር ስለነበር ርካሹ እንኳ ከ8,000 ብር በላይ ማለት ነው፣ የአንድ መምህር የብዙ ወር ደመወዝ። የዋጋው ምክንያት ምሥጢር አልነበረም። ገዢው ጥቂት ነው፤ ለጥቂት ሰው የሚመረት ነገር የምርምር ወጪው ሁሉ በእነዚያ ጥቂቶች ላይ ይከፈላል። በአውሮፓና በአሜሪካ ደግሞ ገዢው ብዙ ጊዜ ዓይነ ስውሩ ራሱ አይደለም፤ መንግሥት፣ ኢንሹራንስ ወይም የጦር ጉዳተኞች ቢሮ ይከፍልለታል። ስለዚህ አምራቹ ዋጋ የሚያወጣው በቢሮ አቅም ልክ ነው። ከኪሱ የሚከፍለው የድሬዳዋ ሰው በዚያ ስሌት ውስጥ ጭራሽ አልነበረበትም። ሌላም ነገር አለ፤ መሣሪያው በስጦታ ቢደርሰው እንኳ በሆዱ የያዘው የአሜሪካና የአውሮፓ ጎዳና ካርታ ነው። ድሬዳዋ ላይ ሲበራ ባዶ ሜዳ ላይ ቆመሃል ከማለት ሌላ የሚለው አይኖረውም።

በዚህ መካከል በካናዳዋ ቫንኩቨር ዓይነ ስውራን ፕሮግራመሮች ሎድስቶን የተባለ ፕሮግራም ሠርተው ለኖኪያ ስልኮች በነፃ ለቀቁት። ሎድስቶን ዓይኔን የሳበው በነፃነቱ ብቻ አይደለም። ተጠቃሚው ራሱ ቦታ ላይ ቆሞ ነጥብ ያስቀምጣል፣ ስም ይሰጣል፣ በሌላ ቀን ሲመለስ ስልኩ ነጥቡ በስንት ሜትርና በየት አቅጣጫ እንዳለ ይነግረዋል። ነጥቦቹን ለጓደኛ መላክም ይቻላል። ካርታ ለሌላት ከተማ የተሠራ ነው የሚመስለው፤ ቀፊራ መግቢያ፣ የደቻቱ ድልድይ ጫፍ፣ የአጎቴ ሱቅ እያሉ የራስን ከተማ በራስ እጅ መጻፍ። ችግሩ ነፃ የተባለው ፕሮግራም እንዲናገር ቶክስ ወይም ሞባይል ስፒክ የሚባል የስልክ አንባቢ መግዛት ያስፈልግ ነበር፤ እሱ ደግሞ በመቶዎች ዶላር ይሸጣል። በዚያ ላይ በዚያ ጊዜ አብዛኛው ኖኪያ ጂፒኤስ አልነበረውምና በብሉቱዝ የሚገናኝ መቀበያ ለብቻው ይገዛል። ነፃው ዕቃ በሁለት የማይገዙ ዕቃዎች መካከል ተይዞ ቀረ።

በሐምሌ 1998 ዓ.ም መጨረሻ ሌሊት ላይ ደቻቱ መጣ። ዝናቡ የዘነበው ከከተማዋ በላይ ባለው ደጋ ነበርና የተኛው ሰው ጎርፉን የሰማው በሩ ሲሰበር ነው። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፣ ሺዎች ቤት አልባ ሆኑ፣ በወንዙ ዳርና በአሸዋው ላይ የነበረው ሁሉ ተጠረገ። ስለዚያ ሌሊት ብዙ ተጽፏል። እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ዓይነ ስውር ሰው ከተማን የሚይዘው በራሱ ውስጥ ነው፣ ከጎርፉ በኋላ ደግሞ ያ የያዘው ከተማ መሬት ላይ የለም። ወደ ግራ የሚያስታጥፈው የቆርቆሮ አጥር የለም፣ የሻይ ቤቷ ሬዲዮ የለም፣ የመከላከያ ግንብ ሲሠራም አሸዋው የሚቋረጥበት ቦታ ተለወጠ። መንገዱን እንደገና መማር ነበረባቸው፤ ለዚህ ሥራ በጀት የያዘ መልሶ ማቋቋሚያ ደግሞ በየትኛውም አገር እምብዛም አይታይም። በዚያው ሰሞን የወጣው ብሔራዊ የዓይን ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን አሳየ፣ ከአንድ ሚሊዮን ሰው በላይ ማለት ነው። ግማሽ ያህሉ መነሻው ሞራ ነበር፤ በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚመለስ። ስለዚህ ለብዙዎች ርካሹ የመንገድ መሪ መሣሪያ የሞራ ቀዶ ሕክምናው ራሱ ነው። ይህ ሳይነገር ስለ ቴክኖሎጂ ብቻ ማውራት ልክ አይመስለኝም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ የመጣው ደግሞ ለዓይነ ስውራን ተብሎ ከተሠራ ዕቃ አልነበረም። አፕል አይፎን 3ጂኤስ ውስጥ ቮይስኦቨርን፣ ጉግል አንድሮይድ ውስጥ ቶክባክን ያለ ተጨማሪ ክፍያ አስገቡ። ማያ ገጹን በጣት እየዳሰሱ መስማት ተቻለ። ጂፒኤሱም፣ አንባቢውም፣ ኢንተርኔቱም ማንም ሰው በሚገዛው ስልክ ውስጥ ተጠቃለሉ። የጥቂቶች ዕቃ የሁሉም ዕቃ ሲሆን ዋጋው ወደቀ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2002 ዓ.ም፣ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት አጸደቀች። የስምምነቱ 20ኛ አንቀጽ ስለ መንቀሳቀስ ሲደነግግ አካል ጉዳተኞች በመረጡት መንገድና ጊዜ፣ በሚችሉትም ዋጋ እንዲንቀሳቀሱ መንግሥታት ያግዙ ይላል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የዋጋው ጉዳይ በእኛም አገር የመብት ጉዳይ እንጂ የችሮታ አልነበረም።

ድሬዳዋ ውስጥ ይህ ስልክ የሚገኘው ታይዋን ገበያ ነው። አዲሱም፣ ያገለገለውም፣ ከየት እንደመጣ የማይጠየቀውም እዚያ አለ። ዓይነ ስውር ገዢ ስልክ ሲመርጥ ማስተዋል የሚፈልጉ ነገሮች አሉ። ከስልኩ ጎን ያሉትን ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች አንድ ላይ ተጭኖ ጥቂት ሰከንድ መያዝ ቶክባክን ይቀሰቅሳል፤ ስልኩ ካልተናገረ ቶክባኩ ከፋብሪካው ሳይጫን መጥቶ ሊሆን ይችላል፣ መጫን ይቻላል ግን የሚያይ ሰው እገዛ ይፈልጋል። ከዚህ የባሰው የማይሰማው ጉድለት ነው። ብዙ ርካሽ ስልክ ውስጡ ኮምፓስ የለውም። ለሚያይ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ለዓይነ ስውር ሰው ግን ኮምፓስ የሌለው ስልክ ሰውየው ቆሞ ሳለ ፊቱ ወዴት እንደዞረ አያውቅም፤ «ወደ ሰሜን ሂድ» ሲለው ሰሜኑ የት እንደሆነ ለማወቅ በርከት ያለ እርምጃ መራመድ አለበት፣ ያም እርምጃ ወደ አስፋልቱ ሊሆን ይችላል። በጥቂት ሺህ ብር ልዩነት የሚገዛው እንግዲህ ይኸው ነው። ሻጩም አይነግረውም፤ ሻጩም አያውቀውም።

ከዚያ ወዲያ ዓመታቱ በፕሮግራሞች ተሞሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከፊንላንድ ብላይንድስኩዌር ወጣ፤ በአሥሮች በሚቆጠር ዶላር ይሸጥ ነበር፣ ግን በአይፎን ብቻ የሚሠራ፣ የኢትዮጵያ ባንክ ካርድ ከውጭ መደብር ለመግዛት በማያገለግልበት ጊዜ የመጣ። ገንዘቡ ያለው ሰው እንኳ የሚከፍልበት መንገድ አልነበረውም፤ ውጭ ያለ ዘመድ መለመን ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2014 የዴሊው የሕንድ ቴክኖሎጂ ተቋም ከጉልበት በላይ ያለውን እንቅፋት በድምፅ ሞገድ አውቆ የሚንቀጠቀጥ ስማርትኬን የተሰኘ በትር አወጣ፣ ዋጋውም በድጎማ 3,000 ሩፒ ያህል ሆነ። ሕንዶቹ ይህን ያደረጉት ባለሙያው፣ ፋብሪካውና የዓይነ ስውራን ድርጅቱ አንድ ላይ ተቀምጠው ከኪሱ የሚከፍለውን ገዢ አስበው ስለሠሩት ነው። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ የሀብታም አገር በትሮች ብዙ መቶ ዶላር ሲጠየቅባቸው ያየ ሰው ልዩነቱ ከዕቃው እንዳልሆነ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 ማይክሮሶፍት ሳውንድስኬፕን በነፃ ለቀቀ። የምትሄድበት ቦታ በጆሮ ማዳመጫ ውስጥ ከራሱ አቅጣጫ ይጮሃል፤ ወደ ድምፁ መሄድ ነው። እሱም ለአይፎን ብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2019 ጉግል ካርታው ላይ ለዓይነ ስውራን እግረኞች ዝርዝር የድምፅ መመሪያ ጨመረ፤ የጀመረው በአሜሪካ በእንግሊዝኛ፣ በጃፓን በጃፓንኛ ነው። ይኼኔ ድሬዳዋ ላይ የነበረው ሰው የገጠመው የቋንቋ ዋጋ ነው። ስልኩ እንግሊዝኛ ያነባል፤ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የመንገድ ስም ሲያገኝ ግን ዝም ብሎ ያልፈዋል። ዝምታው ስሕተት መሆኑን እንኳ አይናገርም። በላቲን የተጻፈው የኦሮምኛና የሶማሊኛ ስምም ቢሆን በእንግሊዝኛ አፍ ሲነበብ ሰፈሩ ራሱ የማያውቀው ስም ይሆናል። ድሬዳዋ ነዋሪው ሦስትና አራት ቋንቋ እያፈራረቀ የሚግባባባት ከተማ ናት፤ አንድ ሰው መንገድ ሲጠይቅ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ተመልሶለት በሶማሊኛ ሲያመሰግን ማንም አይደነቅም። ስልኩ ግን ከፋብሪካው ሲወጣ ከነዚህ በአንዱም አይናገርም ነበር። ለብቻው የሚጫነው ኢስፒክ የሚባል ነፃ የንባብ ሞተር አማርኛ ያነባል፤ ድምፁ የብረት ነው፣ ለመልመድ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ቢሆንም ያነባል። ማይክሮሶፍት ደግሞ መቅደስና አምሃ የሚል ስም የሰጣቸውን ሁለት የጠሩ የአማርኛ ድምፆች አወጣ፤ እነሱን ለመስማት ግን ኢንተርኔት ያስፈልጋል።

ኢንተርኔቱም የራሱ ታሪክ አለው። በሰኔ 2012 ዓ.ም መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘግቶ ለሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። በኢንተርኔት ላይ የተመሠረተ የመንገድ መሪ በዚያ ጊዜ ሁሉ ዲዳ ነው። ጂፒኤሱ ግን አልተቋረጠም፤ ሳተላይቱ ለማንም ሳይነፍግ ይልካል፣ የሚቀበለውም ያለ ኢንተርኔት ነው። ካርታውን አስቀድሞ ስልክ ላይ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ እንደ ኦስምአንድ ያለ ነፃ ፕሮግራም የያዘ ሰው በዚያ ሰሞንም መንገዱን ይሰማ ነበር። በእኛ አገር ሁኔታ ወርዶ የሚቀመጥ ካርታ ቅንጦት አይደለም፤ ወርኃዊ ክፍያን የሚያስቀርና መቋረጥን የሚያሳልፍ ብቸኛው አማራጭ ነው። ችግሩ ኦስምአንድ የሚያነበው ኦፕንስትሪትማፕ የተባለውን፣ በጎ ፈቃደኞች በነፃ የሚሞሉትን የዓለም ካርታ መሆኑ ነው። በጎ ፈቃደኛ ባለበት ከተማ እያንዳንዱ ደረጃ ተመዝግቧል። ሌላው ጋ ሰፈር ሙሉ ስም የለውም።

ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከረው ድሬዳዋ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ እንኳ የደረሰው ከሳምንታት በኋላ ነበር። በኢትዮጵያ ታሪክ የቴሌኮም ውድድር የጀመረባት ከተማ ድሬ ሆነች፣ ባቡሩም መጀመሪያ የገባባት እሷ እንደነበረች ሁሉ። ለዓይነ ስውር ተጠቃሚ ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ በካሜራ አሳይቶ ፈረንሳይ ወይም ዴንማርክ ያለ በጎ ፈቃደኛ እንዲያይለት የሚያደርገው ቢ ማይ አይስ ያለ ጥሩ ኔትወርክ አይሠራም። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ባወጡት ሪፖርት፣ አጋዥ መሣሪያ ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች በድሃ አገሮች የሚያገኘው እስከ 3 በመቶ ሲወርድ በሀብታሞቹ 90 በመቶ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ማይክሮሶፍት ሳውንድስኬፕን ከመደብሩ አነሣ። ኮዱን ለሕዝብ መልቀቁ ደግ ነገር ነው፤ ሌሎች ወስደው ቀጠሉበት። የነፃ ነገር ዕድሜ በሰጪው ፈቃድ ላይ እንደሚያርፍ ግን የድሬ ሰው ከበትሩ ቆብ ጀምሮ ያውቀዋል።

2016 ዓ.ም በሁለት ነገር ይታወሳል። በዓመቱ አጋማሽ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተሰማ። ጭሱ ለሚቀንስለት ሁሉ መልካም ነው። የባጃጁን ጩኸት እየሰማ መንገድ ለሚሻገር ሰው ግን ድምፅ የሌለው መኪና አዲስ አደጋ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት ከእ.ኤ.አ. 2021 ጀምሮ አዳዲስ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝግታ ሲሄዱ ድምፅ እንዲያወጡ ያስገደደው ለዚህ ነበር። እኛም መኪናውን ስናስገባ ድምፁን አብረን መጠየቅ አለብን፤ ወጪው በመኪናው ዋጋ ላይ የሚታይ አይደለም። ሁለተኛው ሐምሌ 22 የተወሰነው የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ነው። ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 500 ዶላር የሚሸጥ ብልህ በትር በአንድ ወር 28,500 ብር ገደማ፣ በቀጣዩ ከ50,000 ብር በላይ ሆነ፤ ፋብሪካው ዋጋውን በሳንቲም ሳይነካ። ታይዋን ገበያ ያለው ስልክም እንዲሁ ተሰቀለ። የማይጨምረው ቀድሞ የተገዛው ስልክና ነፃው ፕሮግራም ብቻ ነበር።

አሁን በኮሪደር ልማቱ ድሬዳዋ እንደገና እየተቆፈረች፣ እየተነጠፈች ነው። እግረኛ መንገዱ ሲሰፋ ደስ ይላል። ነገር ግን ማዕዘን ሲቆረጥ፣ ደረጃ ሲነሣ፣ አጥር ሲፈርስ በቃል የተያዘው ከተማ ከ1998ቱ ጎርፍ በኋላ እንደሆነው ይለወጣል። በእግር የሚዳሰሰውን ንጣፍ ጃፓናዊው ሴይቺ ሚያኬ ፈልስፎ ኦካያማ ከተማ ላይ መጀመሪያ ያስነጠፈው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ከመጀመሪያው ከንጣፉ ጋር ከተሠራ የሚጨምረው ወጪ ጥቂት ነው፤ ኋላ ቆፍሮ መቀየር ነው የሚያከስረው። የንጣፉ መስመር ዛፍ ወይም የመብራት ምሰሶ ላይ እንዳያደርስ ከመነጠፉ በፊት በትር ይዞ የሚሄድ ሰው ቢፈትሸው ደግሞ ምንም አያስወጣም። ስልኩም በበኩሉ ክፍት ሰማይ ሥር እንኳ እስከ 5 ሜትር ይስታል፤ የመጋላ ጉራንጉር ከዚያ ይጠባልና የትኛው ግድግዳ ጋ እንደቆሙ አይነግርም፣ ያንን የሚነግረው በትሩና ንጣፉ ነው። ስልኩ የሚችለው ቀፊራ ለመድረስ በስተቀኝ 80 ሜትር እንደቀረ መናገር ነው፣ እሱንም የሚናገረው ቀፊራ ካርታው ላይ ካለች። ስሟን በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሶማሊኛም አስገብቶ፣ አዲሱን ደረጃና አዲሱን መሻገሪያ ጨምሮ ለማስቀመጥ የሚያስፈልገው ሰፈሩን የሚያውቅ አንድ ወጣት፣ አንድ ስልክና የአንድ ከሰዓት በኋላ ኢንተርኔት ነው። ያንን ሥራ ማንም ከፓሪስም ሆነ ከዴሊ ሆኖ ሊሠራልን አይችልም፤ የሚያስወጣው ብርም በዶላር አይመነዘርም።